በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነጫጮቹን ወፎች እንዴት ልለያቸው?

ጥያቄ፦
ሐዋሳ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ወርጄ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱና አባ ኮዳዎቹ በሚጣለው የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ማየት ልማዴ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ባልደረባዬ ባይኖኩላር ተውሼ ራቅ ያሉትን ወፎች ለማየት ብሞክር፣ ነጭ የሆነው ሁሉ አንድ መሰለኝ። ከጎኔ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ሳቢሳ ሲለው ሌላው ያንኑ ወፍ ሽመላ ይለዋል። ቀረብ ልበል ስል ደግሞ ይበሩብኛል። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ሽመላና ሳቢሳ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጎን ለጎን ተጽፈው የምናገኛቸው ስሞች ናቸው፤ በሰው አነጋገር ግን ሲምታቱ እሰማለሁ። በቀላሉ የሚለዩት ሲበሩ ነው። ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ሲበር፣ ሽመላ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይበራል። ከዚህ ያፈነገጠው ያው የእርስዎ አባ ኮዳ ነው፤ ወገኑ ከሽመላ ሆኖ ሳለ እንደ ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ይበራል። (እግሩ ነጭ የሚመስለውም ሙቀት ሲበረታበት የራሱን ኩስ ስለሚለቀልቅበት ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ከሥር ያለው ቆዳ ጠቆር ያለ ነው።)

ነጫጮቹን ሳቢሳዎች እርስ በርስ ለመለየት ከላባቸው ይልቅ ምንቃራቸውንና እግራቸውን ይመልከቱ። ትንሹ ሳቢሳ ምንቃሩም ቅልጥሙም ጥቁር ሆኖ ጣቶቹ ብቻ ቢጫ ስለሆኑ፣ ከውኃው ብድግ ሲል ቢጫ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። እነዚህኑ ጣቶች ጭቃው ውስጥ እያርገበገበ፣ ደንግጣ የወጣችውን ትንሽ ዓሣ ይለቅማል። ትልቁ ሳቢሳ በአንጻሩ እግሩ እስከ ጣቱ ጥቁር ነው፤ ምንቃሩም ከመራቢያ ወቅት ውጭ ቢጫ ሲሆን፣ አንገቱን ቀስሮ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ከከብት ኋላ የሚከተለው አጭር ቢጫ ምንቃር ያለው ደግሞ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ፈላጊ ስለሆነ፣ ሐይቅ ዳር ቢያገኙትም ከውኃ ወፍ ለመቁጠር እኔ በበኩሌ አመነታለሁ።

መልስ 2፦
መራቁ ካስቸገረዎ ጀልባ ይከራዩ። ከውኃው በኩል ሲመጡ ከዳር የማይታየውን ሁሉ፣ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቹ የሚራመደውን ጃካናን ጭምር ያዩታል።

መልስ 3 (ከባቱ)፦
የጀልባውን ምክር አልደግፍም። ጃካና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው፤ ሲደነግጥ በክንፎቹ ሥር አቅፏቸው ይሸሻል። የሞተር ድምፅ በየቀኑ እንዲህ እንዲያደርግ ባያስገድደው ይሻላል። አንድ ቦታ መርጠው፣ ደማቅ ልብስ ትተው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ቢቀመጡ የሸሹት ራሳቸው ይመለሳሉ።

ከዚህ ሌላ ብርሃኑን ያስቡበት። የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስላለች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ስለምትመታዎ የእግር ቀለም መለየት ቀርቶ ወፉ ራሱ ጥላ ብቻ ይሆናል። እኛ ባቱ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ስለሆንን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ማታ ማታ ነው የምንወጣው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢወጡ ደግሞ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎችንም ያገኛሉ። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ረግረጉ ብዙ ወፍ ይይዛል፤ ሆኖም ጉማሬ ስላለ ሳይነጋ ለብቻዎ ቀጤማ ውስጥ አይግቡ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ የወርካ ሥር ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሸሹ፤ ቆይቶ ግን አንዱ ነጭ ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት አርፎ ጭቃውን በእግሩ ማርገብገብ ጀመረ። እግሩን ከውኃው ሲያወጣ ጣቶቹ ቢጫ ነበሩ። ወደ ጥቁር ውሃ ግን አልሄድኩም።