«ጠባቂዎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» በአማርኛ እንዴት ይባል?

ጥያቄ፦

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን «ዎችመን»ን ከእናቴ ጋር እያየሁ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኤችቢኦ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የወጣውን፣ ባለ 9 ክፍሉን ተከታታይ ማለቴ ነው። አላን ሙር ጽፎት ዴቭ ጊቦንስ የሳለው ስዕላዊ ልቦለድ 1985 ላይ ያቆመውን ታሪክ፣ ከ34 ዓመት በኋላ ያነሳዋል። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እተረጉምላታለሁ። ገና ርዕሱ ላይ ተያዝኩ። «ዘበኞች» ስላት «የማን ቤት ዘበኞች?» አለችኝ። ታሪኩ የቆመበት ጥያቄም አለ፤ «ጠባቂዎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» የሚለው። እንዳለ ሳስቀምጠው ጣዕም የለውም። እንዴት ትሉታላችሁ?

መልስ፦

እናትህ እውነታቸውን ነው። ዘበኛ በር አለው፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው አለው። ክቡር ዘበኛ እንኳ የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ነበር። ልቦለዱ ውስጥ ወንጀለኛን እንዋጋ ብለው ጭምብል አጥልቀው የወጡት ሰዎች ግን መጀመሪያ ማንም አልቀጠራቸውም። ራሳቸው ተነስተው ነው።

«ጉበኛ»ም አለልህ። «ጉበኛ ሆይ፥ ሌሊቱ ምን ያህል ነው?» ይላል ኢሳይያስ 21። በጣም የምወደው ቃል ነው። ግን ጉበኛ ማማ ላይ ሆኖ ያየውን ይናገራል እንጂ ወርዶ አይደባደብም።

እኔ «ጠባቂዎች» ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ። የእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ሰዓት ተደብቋል፤ «ዎች» ጥበቃም የእጅ ሰዓትም ነው። ልቦለዱ ውስጥ ልዩ ኃይል ያለው የዶክተር ማንሃተን አባት ሰዓት ሠሪ ናቸው። በ12ቱም የልቦለዱ ክፍሎች ላይ ወደ እኩለ ሌሊት የምትጠጋ ሰዓት አለች። ይሄ ጨዋታ በአማርኛ አይመጣም። ግን የእኛው «ጠበቀ» ሁለት ነገር ነው፤ ከክፉ መከለል፣ እና ቁጭ ብሎ መጠበቅ። ጊዜ እዚያው ግሡ ውስጥ አለ።

የድራማውን የመጀመሪያ ክፍል አስታውስ። ፖሊሱ በሌሊት አንድ መኪና ያስቆማል። ውስጡ የነጭ የበላይነት አራማጆቹን ጭምብል ያያል። ወደ መኪናው ሮጦ ይመለሳል። ሽጉጡ ግን እዚያው መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን በርቀት የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። በሬዲዮ ፈቃድ ይለምናል። ያኛው በደንቡ መሠረት ጥያቄ ይደረድርለታል። ልጁ ሽጉጡን ሳያወጣ በጥይት ተመታ። ያ ፖሊስ ጠባቂም ነው፣ ጠባቂም ነው። በሌላ ቋንቋ ሁለት ቃል የሚፈልገውን እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን።

ጥያቄው ራሱ ከሮማዊው ገጣሚ ከጁቬናል የመጣ ነው። እሱ ያነሳው ሚስታቸውን በጠባቂ ስለሚያስጠብቁ ባሎች ነበር። ልቦለዱ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፋል፣ ግን አንዴም ሙሉውን አናየውም፤ ሁሌ የሆነ ነገር ይሸፍነዋል። በአማርኛ የሚመጣልኝ «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ነው። ከጁቬናል ጥያቄ አንድ ነገር አይጎድለውም። የግድግዳውም ጽሑፍ ግማሹ ብቻ በቂ ነው። «ውሃ ቢያንቅ...» ብለህ ብትተወው ሌላውን አንባቢ ይሞላዋል።

ሌላ አባል፦

ተረቱ ግሩም ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር፣ ውሃ የሚያንቀው አስቦ አይደለም። እነዚህ ግን አስበው ነው። ሌላው፣ ይህን ድራማ የልቦለዱ «ተከታይ» እንዳትሉት ተጠንቀቁ። ተከታይ ደቀ መዝሙርም ነው። ድራማው ውስጥ ከልቦለዱ ጭምብለኞች የአንዱን፣ የሮርሻክን ጭምብል አጥልቀው ጥቁሮችንና ፖሊሶችን የሚገድሉት ተከታዮቹ ነን ባዮች ናቸው። ደራሲው ዴመን ሊንደሎፍ የልቦለዱን 12 ክፍሎች በብሉይ ኪዳን፣ የራሱን ሥራ በአዲሱ መስሎት ነበር፤ አዲሱ ብሉዩን አልሻረም ለማለት። ስለዚህ «ቀጣይ» ይሻላል።

መልስ፦

«ቀጣይ»ን ተቀብያለሁ። ስለ ውሃውም ያልከው ገብቶኛል። ግን ተረቱ ስለ ውሃው ሐሳብ አይጠይቅም። የታነቀው ሰው ምን ያድርግ ነው የሚለው። ለዚህ ነው የወደድኩት።

ጠያቂው፦

በጣም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና አየነው። መክፈቻው በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ከተማ ቱልሳ ውስጥ፣ ግሪንዉድ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ሲቃጠል ነው። ልጁ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ከከተማው ሲወጣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆይታ «ፖሊስ የለም እንዴ አገሩ?» አለችኝ። አለ፣ አልኳት። እውነተኛ ታሪክ እንደሆነ፣ ከተማው ራሱ ከአጥቂዎቹ መካከል ለአንዳንዶቹ የፖሊስ ሥልጣንና መሣሪያ እንደሰጠ ነገርኳት።

«ታዲያ ለማን አቤት ይባላል?» አለች።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እሱን ነው።