የባሕር ኃይል አባልም መጋቢም የነበሩትን አባታችንን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

ጥያቄ

አባታችን ባለፈው ዓመት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ እንደ ልማዱ የትውልድ ቦታቸውን፣ ትዳራቸውንና ልጆቻቸውን ከጠቀሰ በኋላ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1983 ዓ.ም. በባሕር ኃይል ያሳለፉትን ዘመን «በመንግሥት ሥራም አገልግለዋል» በሚል አንድ ሐረግ አልፎት፣ የቀረውን ሁሉ ለመጋቢነታቸው ሰጥቶ ነበር። አሁን ለሙት ዓመታቸው አነስተኛ መጽሐፍ ልናሳትም ስለ ሆነ ጽሑፉን የማዘጋጀት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል።

የቤተሰቡ ሐሳብ ግን ተከፍሏል። ታላላቆቼ በደርግ ዘመን ወታደር መሆናቸው ከተጻፈ የመጋቢነት ስማቸውን ያደበዝዛል ብለው ይሰጋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም እኔ የማውቃቸው መጋቢ የተሠሩት መርከብ ላይ ነው። የስብከታቸውን ሰዓት ሳይቀር በማስታወሻቸው ላይ እንደ ባሕር ኃይል ደንብ በአራት አኃዝ ይጽፉ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱሳቸውም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ኅዳጉ በእርሳስ ጽሑፍ የተሞላ ሲሆን፣ መርከበኞቹ በሌሊት አራት መልሕቅ ከመርከቡ በስተኋላ ጣሉ በሚለው ቁጥር 29 ላይ አስምረው «ትክክል ነው» ብለው ጽፈዋል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከቤታችን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስለዚያ ዘመን የምታውቁ ብትረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አባትሽን በስም ባላውቃቸውም ኅዳጉ ላይ የጻፉትን ግን አውቀዋለሁ።

መልሕቅ በተለመደው አሠራር የሚጣለው ከመርከቡ በስተፊት ነው። የጳውሎስ መርከብ ግን ነፋሱ ከኋላዋ እየገፋ ወደማይታይ የብስ ትነዳ ነበር፤ ጥልቀቱንም ሲለኩ ውኃው እየቀነሰ ሄዷል። በዚያ ጨለማ መልሕቁን ከፊት ቢጥሉ መርከቧ ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጥ ነበር። ከኋላ መጣላቸው ፊቷን ወደ የብሱ እንዳቀናች ያቆማታል፤ ሲነጋም ገመዱን ቆርጠው በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳር ሊነዷት ይችላሉ፤ በቁጥር 40 ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። አባትሽ «ትክክል ነው» ያሉት አንድ የመርከብ ሰው የሌላውን ሥራ መርምሮ ሲያጸድቅ ነው። ይህን ብቻ እንኳ ብትጽፊ፣ አንባቢው ምን ዓይነት ሰባኪ እንደ ነበሩ ይረዳል።

ስለ አገልግሎታቸው ስትጽፊ በመጀመሪያ በየትኛው መርከብና በምን ሙያ እንደ ሠሩ አጣሪ፤ የሞተር ክፍል ሰው፣ የሬዲዮ ሰውና የመድፍ ሰው ኑሯቸው አንድ አልነበረም። በዕድሜያቸው ስገምት «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ሳይሠለጥኑ አልቀሩም። እርስዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል በአሜሪካ የተሠራች ስትሆን፣ በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የማሠልጠኛ መርከብ ሆና ኖራለች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይመጡ ነበር። ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ፤ ብዙዎቻችን ቀኑንና የመርከቡን ስም እንጽፍበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውንም አትዝለዪ። አዛዣችን ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኝታ ክፍላችን እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከእጃችን ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቻችን መርከቦቹን ይዘን ወደ የመን ተሻገርን፤ ሕይወታችንን በሙሉ የሰጠነው ተቋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈጽሞ ፈረሰ። አባትሽ ወደ መጋቢነት የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሆነ፣ ያንን ዘመን አውጥቶ የሚጻፍ ታሪክ የእርሳቸው አይሆንም።

መልስ፦ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ስጋት አለኝ። በእኛ ዘንድ የአገልጋይ ታሪክ ሲጻፍ የምስክርነት መልክ ይይዝና ከማመኑ በፊት የነበረው ሁሉ ጨለማ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ብርሃን ይሆናል። የአባትዎን የመርከብ ዘመን እንዲህ አድርገው አይጻፉት፤ ትእዛዝን መቀበል፣ ተረኛ ሆኖ ሌሊቱን መንቃት፣ በጠባብ ስፍራ ከብዙ ሰው ጋር በሰላም መኖር ለመጋቢነት የሚያዘጋጁ ነገሮች ናቸውና።

ምናልባትም ያመኑት ገና በሠራዊቱ ውስጥ ሳሉ ይሆናል፤ ይህንን እናትዎን ይጠይቁ። ያ ዘመን የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው የተወሰዱበት፣ መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ የታሰሩበት፣ ምእመናንም በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተሰብስበው መዝሙሩን በሹክሹክታ የሚዘምሩበት ነበር። ለአንድ ወታደር፣ ካድሬው በየክፍሉ እያለ፣ በዚያ ኅብረት መገኘት እጥፍ አደጋ ነበረው። ይህን ካገኙ በሰፊው ይጻፉት፤ በቤታቸው ያስተናገዷቸውን ሰዎች ስም ግን በሕይወት ካሉ ሳያስፈቅዱ አያውጡ። አንዳንዱ ለገዛ ልጆቹ እንኳ አልነገረም።

መልስ፦ ምጽዋ ከተወለደ አንባቢ

እኔ በሌላው ወገን ካለ ቤተሰብ የመጣሁ ነኝ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማው ከተያዘ በኋላ የአየር ድብደባው የወደቀው በነዋሪው ላይም ነበር፤ በቤታችን ያ ቁስል ዛሬም አልሻረም። አባትዎ በየትኛው ቀን የት እንደ ነበሩ አላውቅምና ልፈርድባቸው አልችልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ስለ ምጽዋ ሲጽፉ ስለ ወደቡና ስለ መርከቦቹ ብቻ አይጻፉ፤ በከተማው ውስጥ ሰዎች ይኖሩ ነበር። አባትዎ ጎረቤት፣ ወዳጅ፣ ዳቦ የሚገዙበት ሰው ነበራቸው። መጋቢ ከሆኑ በኋላ ለዚያ ሕዝብ ጸልየው ወይም ስለዚያ ጦርነት ተናግረው እንደ ሆነ፣ ያንን ማንበብ ለእኔ ከማዕረጋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመልሕቁን ማብራሪያ ለታላቅ ወንድሜ አነበብኩለት፤ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝና የባሕር ኃይሉ ዘመን ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዲሆን ተስማማ። እናቴም አባቴ የታሰሩ ምእመናንን ቤተሰቦች ከደመወዛቸው በድብቅ ይረዱ እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ፤ ስሞቹን ግን አልሰጠችኝም፣ እኔም አልጫናትም።

ከምጽዋ ለጻፉልኝ ወንድሜ፦ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በያዙት የጸሎት ደብተራቸው ውስጥ «የምጽዋ ሰዎች» የሚል መስመር በየሳምንቱ ዓርብ ይገኛል። ከሥሩ ማብራሪያ አልጻፉበትም፤ ስለዚህ በመጽሐፉም ገጹን እንዳለ በፎቶግራፍ አወጣዋለሁ እንጂ ያላሉትን አልጨምርበትም። አሁን የሚቀረኝ ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ምጽዋ ወይም አሰብ ያገለገላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።