«ፈገግታም እርዳታ ነው» አለን እኮ!

ሰንሰለት፦
ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ አደርኩ። ትናንት አንድ አባላችን የረጅም ርቀት ብስክሌት ውድድሩን የነጥቦች ካርታ (ተወዳዳሪዎቹ የት እንዳሉ በትራከር የሚያሳየውን) ሲከታተል ቆይቶ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ በደጁ ልታልፍ መሆኗን አየ። ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ቆመና አጨበጨበላት። እሷም ፈገግ ብላ እጇን አውለብልባ አለፈች። ልጁ ደስ ብሎት ፎቶውን እዚህ ለጠፈ። ከዚያ ጥቁር ነጥብ የሚባለው አባላችን ብቅ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ራስን በመቻል ውድድር ውስጥ ፈገግታም እርዳታ ነው። ደንቡን የማያውቅ ቤቱ ይቀመጥ።» ልጁ አፍሮ ፎቶውን ሰረዘው። ውሃ አላቀበለ፣ ጎማ አልነፋ፣ ነፋስ አልከለለ። አጨበጨበ! ጭብጨባ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ጥቁር ነጥብ፦
ስሜ ከተነሳ አይቀር ሙሉውን ልናገር። ብያለሁ፣ አልክድም። እነዚህ ውድድሮች ከሌላው የሚለዩበት ነገር አንድ ነው። አጃቢ መኪና የለም፣ መካኒክ የለም፣ ከሰው ኋላ ተለጥፎ ነፋስ ማምለጥ የለም። ምግብህን ራስህ ትገዛለህ፣ ማደሪያህን ራስህ ትፈልጋለህ። ለሁሉም እኩል ያልተከፈተ ነገር አትወስድም። ሱቅ ለሁሉም ክፍት ነው። የዚያ ልጅ ጭብጨባ ግን ለአንዷ ብቻ ነው። ከሷ 2 ቀን ወደ ኋላ የቀረው ሰውዬ በዚያው ደጅ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲያልፍ ማን ቆመለት?

የዳገት ልጅ፦
የመጨረሻዋ ጥያቄህ ልክ ናት፣ አልዋሽም። ግን ሱቁስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ክፍት ነው? ፊተኛዋ በቀን ደርሳ ጠግባ ሄደች። ኋለኛው የተዘጋ በር አገኘ። ሱቁም እርዳታ ነው በለና።

እንቅልፋሙ፦
ጨረቃም እርዳታ ናት። ሙሉ ከሆነች።

ጥቁር ነጥብ፦
ቀልዱ። ቀልድ ሲጀመር መልስ እንዳለቀ አውቃለሁ።

ሽማግሌው ፔዳል፦
ልጆች፣ ይሄ ጭቅጭቅ አዲስ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ቱር ዲቫይድን ታውቁታላችሁ። ካናዳ ባንፍ ተነስቶ ሜክሲኮ ድንበር አንቴሎፕ ዌልስ ድረስ፣ 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው ኮረት። የመመዝገቢያ ክፍያ የለው፣ ሽልማት የለው። በ2019 አሜሪካዊቷ ብስክሌተኛ ላኤል ዊልኮክስ ስትወዳደር የሚቀርጿት ሰዎች መንገድ ላይ ይከተሏት ነበር። ካሜራ ከያዙት አንዷ የፍቅር አጋሯ ነበረች። ያኔም «የሚወዱትን ፊት መንገድ ላይ ማየት በራሱ ጉልበት ነው» ያለ ነበር። ሌላው ደግሞ «ወንዶቹ ሲቀረጹ የት ነበራችሁ?» አለ። በበረዶው ምክንያት አቋርጣ ወጣች። ጭቅጭቁ ግን አላቋረጠም።

ጥቁር ነጥብ፦
ይኸው! ጋሼ መሰከሩልኝ።

ሽማግሌው ፔዳል፦
አልመሰከርኩልህም። የሆነውን ነው የተናገርኩት። እኔን ምስክር ማድረግ ተው።

የዳገት ልጅ፦
ላኤል ከተነሳች እኔ ዝም አልልም። በ2016 ትራንስ አም የሚባለውን ውድድር ያሸነፈችው ከሴቶች መሃል አይደለም፣ ከሁሉም ነው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በ18 ቀን ከ10 ደቂቃ። በመጨረሻዋ ሌሊት ይመራ የነበረው ሰው መንገድ ስቶ ወደሷ ሲመጣ ተገናኙ። አብረን እንጨርስ አላት። እሷ ግን ይሄ ውድድር ነው ብላ ጥላው ሄደች። ይቺ ናት እንግዲህ በፈገግታ የምትታገዘው!

ጥቁር ነጥብ፦
እህቴ፣ ያልሽው እኮ ለኔ ነው የሚሆነው። አብሮ መንዳትን እምቢ ያለችው ራስን መቻል ገብቷት ነው። ኩባንያ አልፈለገችም።

የዳገት ልጅ፦
ማሸነፍ ስለፈለገች ነው። ሁሉን ነገር ወደ ገዳም አትውሰደው።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ሁሉንም አላነበብኩም፣ ግን ላኤል ከተባለ የኔም ንዴት አለ። በ2024 ዓለምን በብስክሌት በ108 ቀን ዞረች። ጀግና ናት። ግን መንገዷን አስቀድማ እያሳወቀች ሰው እየወጣ አብሯት ሲነዳ ነበር። ከሷ በፊት የሴቶቹ ክብረ ወሰን የጄኒ ግራሃም ነበር። በ2018፣ 124 ቀን፣ ዕቃዋን ሁሉ በብስክሌቷ ተሸክማ፣ ብቻዋን። ጊነስ ሁለቱን አንድ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። ማርክ ቦሞንትም በ2017 ከ79 ቀን ባነሰ ጊዜ ሲዞር መኪና ሙሉ ሰው ነበረው። የወንዶቹም መዝገብ ያው ነው። ታዲያ ጥቁር ነጥብ ምን አጠፋ? መስመር ይሰመር ነው ያለው።

ሰንሰለት፦
ወንድሜ፣ ክብረ ወሰንና ውድድር ለምን ታምታታለህ? የጊነስ ደንብ አብሮ መንዳትን አይከለክልም። ያልተከለከለ ነገር አደረገች። እኛ የምናወራው መንገድ ዳር ስላጨበጨበ ልጅ ነው።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ያልተከለከለ ሁሉ ልክ ነው ማለት ነው?

ሰንሰለት፦
ያልተከለከለ ሁሉ ወንጀል ነው ማለት ነው?

እንቅልፋሙ፦
እኔ የምለው፣ ፒያኖስ? ፊዮና ኮልቢንገር በ2019 አውሮፓን የሚያቋርጠውን ትራንስ ኮንቲኔንታልን ስታሸንፍ መሃል ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ተቀምጣ ስትጫወት ቪዲዮው ወጥቷል። ከቡልጋሪያ ቡርጋስ እስከ ፈረንሳይ ብሬስት 4,000 ኪሎ ሜትር፣ 10 ቀን ከ2 ሰዓት ተኩል ምናምን። ሁለተኛው የደረሰው 10 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ፒያኖው ለሁሉም ክፍት ነበር? መጫወት የማይችለው ተወዳዳሪ ተበድሏል። ይጣራልን።

ጥቁር ነጥብ፦
ፒያኖው ለሁሉም ክፍት ነበር፣ አዎ። ሆቴሉ ውስጥ የገባ ሁሉ መንካት ይችላል። እየሳቅክ ደንቡን በትክክል አስረዳህልኝ፣ አመሰግናለሁ።

እንቅልፋሙ፦
ይሄ ሰው ፈገግ ብሎ አያውቅም። እርዳታ እንዳይሆንበት።

ሰንሰለት፦
እሺ፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥቁር ነጥብ፣ ራስህ ባለፈው ዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር ስትወዳደር ስልክህ ክፍት ነበር?

ጥቁር ነጥብ፦
ለካርታ።

ሰንሰለት፦
ለካርታ። በሁለተኛው ሌሊት እዚሁ ቡድን ውስጥ «ጉልበቴ አለቀ፣ ጎማዬ ሁለት ጊዜ ተበሳ፣ ልተወው ነው» ብለህ የጻፍከው ካርታው ላይ ነው? 40 ሰው «አይዞህ» አለህ። እኔ ራሴ ብያለሁ! ጠዋት ተነስተህ ጨረስክ። አይዞህ ሲባል ጥሩ ነበር፣ ሌላው ሲጨበጨብለት እርዳታ ሆነ።

የዳገት ልጅ፦
ውይ።

እንቅልፋሙ፦
40 እርዳታ። ቆጥሬያለሁ፣ ሁለቱ የልብ ምልክት ብቻ ነበሩ።

ጥቁር ነጥብ፦
ይሄ የግል ጥቃት ነው። ቢሆንም እመልሳለሁ። ስልክ ያለው ሁሉ መልእክት ይደርሰዋል። መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ግን ለሚታወቁት ብቻ ነው የሚቆመው። ልዩነቱ እሱ ነው። ደግሞ ያኔ በመጻፌ ትክክል ነበርኩ አላልኩም። ተሳስቻለሁ በሉ። የኔ ስህተት ደንቡን አያፈርሰውም።

ሰንሰለት፦
እና ያጨበጨበውን ልጅ «ቤቱ ይቀመጥ» ስትለው ይሄን የራስህን ስህተት ለምን አልነገርከውም?

ሽማግሌው ፔዳል፦
እስቲ ረጋ በሉ። አንድ ነገር ልናገር።

ትራንስ ኮንቲኔንታልን በ2013 የጀመረው ማይክ ሆል ነው። የመጀመሪያው ከለንደን ኢስታንቡል ነበር። ማይክ ራስን በመቻል ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። እሱ ራሱ በ2016 ቱር ዲቫይድን በ13 ቀን ከ22 ሰዓት የጨረሰ ሰው ነው። በ2017 ደግሞ አውስትራሊያን ከፍሪማንትል ሲድኒ ሊያቋርጥ ገባ። 5,500 ኪሎ ሜትር። ክሪስቶፍ አለጋርት ይመራል፣ ማይክ ይከተላል። ያን ጊዜ ነጥብ የሚከታተለው ሰው በዛ። በየመንገዱ እየወጣ ቆሞ ያሳልፋቸው ነበር። ያንን ሁሉ ሰው ማን አባረረው? ማንም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ካንቤራ አጠገብ፣ ገና ሊነጋ ሲል መኪና ገጨው። እኔ ካርታው ላይ ነበርኩ። ነጥቡ ቆመ። ተኝቶ ነው አልኩ። ከዚያ ነጥቡ አልተንቀሳቀሰም። ውድድሩ በዚያው ቀረ። እነዚያ መንገድ ዳር ያጨበጨቡ ሰዎች በኋላ ሲድኒ ተሰብስበው አሰቡት። እነሱንም «ቤታችሁ ተቀመጡ» ልንላቸው ነበር?

የዳገት ልጅ፦
ጋሼ፣ እኔም ያን ቀን አስታውሳለሁ። ዛሬም ነጥብ ከ4 ሰዓት በላይ ሲቆም ሆዴ ይሸበራል።

ጥቁር ነጥብ፦
ለማይክ ያለኝ ክብር ከማንም አያንስም። ግን ጋሼ፣ ያነሱት ነገር ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ሰው ሞተ ብለን ክርክሩን በእንባ አንዝጋ።

ሰንሰለት፦
ጋሼን እንደዛ ትላቸዋለህ?

ጥቁር ነጥብ፦
በአክብሮት ነው ያልኩት። እርስዎ ብያለሁ።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ዋናው ጉዳይ ግን እሱ ነው። ስለ ፈገግታ እንጨቃጨቃለን፣ ስለ እንቅልፍ ማንም አያወራም። ግዴታ ይሁን። በየሌሊቱ ይሄን ያህል ሰዓት ነጥብህ ካልቆመ ሰዓት ይቆረጥብህ። ትራከሩ አለ አይደል? ለጭብጨባ ከምንጠቀምበት ለዚህ እንጠቀምበት።

ጥቁር ነጥብ፦
ራስን መቻል ማለት መቼ እንደምትተኛም ራስህ መወሰን ነው። ሞግዚት ከፈለግክ ሬስ አክሮስ አሜሪካ አለልህ። ከኋላህ መኪና ሙሉ ሰው ይከተልሃል፣ ይቀሰቅስሃል፣ ያጎርስሃል።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ለውድድሩ አልተመዘገበም። አንተ በራስህ ላይ ወስነሃል። እያንቀላፋህ መሃል መንገድ ስትገባበት በሱም ላይ ወሰንክ።

የዳገት ልጅ፦
ይሄኛው ግን ከባድ ነው። መልስ ስጠው።

እንቅልፋሙ፦
በመጨረሻ ስለ እኔ ተወራ።

ሽማግሌው ፔዳል፦
እንቅልፍን ተከራከሩበት፣ ግን ማይክን በዚያ አታሳብቡት። መኪና ነው የገጨው።

ባለ ሁለት ጎማ፦
አላሳበብኩም ጋሼ። ስሙንም አላነሳሁም።

ሽማግሌው ፔዳል፦
«ዋናው ጉዳይ እሱ ነው» ስትል እሱ ማነው?

ባለ ሁለት ጎማ፦
እንቅልፍ! «እሱ» ያልኩት እንቅልፍን ነው!

ሰንሰለት፦
ከማይክ ቀጥሎ ስትጽፈው ማይክን ይመስላል።

ጥቁር ነጥብ፦
መልስ ስጠው ለተባለው፦ ክሪስቶፍ ስትራሰር ሬስ አክሮስ አሜሪካን 6 ጊዜ በአጃቢ አሸነፈ። ከዚያ በ2022ና በ2023 ትራንስ ኮንቲኔንታልን ብቻውን ገብቶ አሸነፈ። ማንም አላስተኛውም፣ ማንም አልቀሰቀሰውም። መተኛትን የሚያውቅ ይተኛል። ኮልቢንገርም በየሌሊቱ 4 ሰዓት ያህል ተኝታ ነው ሁሉንም የቀደመችው። የማያውቅ በራሱ ይማራል።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ወይም ሾፌሩ ያስተምረዋል። ስለ ሾፌሩ ጠይቄህ ስለ ስትራሰር መለስክልኝ።

አድሚን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድብ እንዳይኖር። ርእሱ ጭብጨባ ነበር፣ ወደዚያ ተመለሱ። በነገራችን ላይ እኔ በግሌ ባጨበጭብ ደስ ይለኛል፣ ግን ይሄ የአድሚን አቋም አይደለም።

ጥቁር ነጥብ፦
አድሚን ወገነ።

አድሚን፦
በግሌ ብያለሁ።

ጥቁር ነጥብ፦
በአድሚን ስም ገብተህ በግሌ ማለት አይቻልም። በግል ስምህ ግባና ጻፍ።

የዳገት ልጅ፦
አሁን ደግሞ ይሄን ልንከራከር ነው? ቆይ፣ ኋለኛው ሰውዬ ላይ እንመለስ፣ እሱ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥቁር ነጥብ ልክ ነው፣ ሁላችንም የምናየው የፊተኞቹን ነጥብ ነው። አሸናፊው ሲገባ ካርታውን ዘግተን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ሳምንት የሚነዱ ሰዎች አሉ። ታዲያ መፍትሔው ፊተኛዋን አታጨብጭቡላት ነው ወይስ ለኋለኛውም ውጡለት ነው?

ጥቁር ነጥብ፦
ሌሊት 9 ሰዓት ትወጫለሽ?

የዳገት ልጅ፦
አንተ ከወጣህ።

ጥቁር ነጥብ፦
እኔ በመርህ ደረጃ አልወጣም።

እንቅልፋሙ፦
እኔ በእንቅልፍ ደረጃ።

ያጨበጨበው ልጅ፦
ሰላም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ለማንም ችግር ለመፍጠር አልነበረም። ለማንኛውም መልሼ ለጥፌዋለሁ። እሷ ብቻ ናት ያለችው፣ እኔ የለሁበትም፣ እጄንም ከፎቶው ቆርጬዋለሁ።

ሰንሰለት፦
ጎበዝ! እንኳን መለስከው።

ጥቁር ነጥብ፦
አየሁት። ጥላህ ይታያል።