ለድመቴ የታዘዘው የታይሮይድ ክኒን ጠፋ፣ ፒቲዩ የሚባለው ሌላ የታይሮይድ መድኃኒት ይሆናታል?

የሚጡ እናት (ሀዋሳ)
ሰላም ቤቶች። ሚጡ 13 ዓመቷ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ አጥንቷ እስኪቆጠር ከሳች፣ መብላት ግን አላቆመችም እንዲያውም ብሶባታል፣ ከአሞራ ገደል የማመጣላትን ቆሮሶ ዓሳ ጨርሳ የኛን ትሪ ነው የምታየው፣ ሌሊት ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆማ ስትጮህ ማንም አይተኛም። ሐኪሙ አንገቷን ዳብሶ ደም ወሰደና ታይሮይዷ፣ ማለት አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ የሚያመርተው ሆርሞን፣ ከፍ ብሏል አለኝ። ሜቲማዞል ባለ 5 ሚሊግራሙን ግማሽ ጠዋት ግማሽ ማታ አዘዘ። አሁን ክኒኑ ጠፋ፣ አንድ ፋርማሲ "ፒቲዩ አለን፣ ያው ነው፣ ለሰውም የሚሰጠው እሱ ነው" አሉኝ። ደሞ ከጀመረች ወዲህ አልፎ አልፎ ታስመልሳለች፣ ክኒኑን በዓሳ ጠቅልዬ ስሰጣት ዓሳውን ልሳ ልሳ ክኒኑን ምንጣፍ ላይ ንጹህ አርጋ ታስቀምጥልኛለች። በቀን አንዴ ሙሉውን ብሰጣት አይሻልም? ባሌ ለድመት ይሄ ሁሉ ይላል፣ እሱን ተዉት።

ታቦር ሥር
ታይሮይድ እንቅርት አይደል እንዴ? አዮዲን ያለው ጨው ምግቧ ላይ ጣል አርጊበት፣ ምን ፋርማሲ ያዞርሻል።

የከብት ሐኪሙ
ጨዉን ተዪው እህቴ። ያ በአዮዲን እጥረት የሚመጣው የሰው እንቅርት ነው፣ የድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ላይ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ወጥቶ ሆርሞኑን ያለልክ ሲያመርት ነው፣ አዮዲን ብትጨምሪላት አያድናትም።

ፒቲዩን በፍጹም እንዳትሰጫት። ድሮ ለድመት ይሰጥ ነበር፣ የገዛ ሰውነታቸው ቀይ የደም ሴላቸውንና ፕሌትሌታቸውን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) እያጠፋ ስላስቸገረ ነው የተተወው። ካርቢማዞል ካገኘሽ ግን ይሆናል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሜቲማዞል ነው የሚቀየረው፣ ሚሊግራሙ ግን እኩል አይደለም፣ 10 ካርቢማዞል 6 ሜቲማዞል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ራስሽ አትቁረጪው ሐኪምሽ ያስላልሽ።

በቀን አንዴ ሙሉውን ከመስጠት ሁለቴ ግማሽ ግማሹ የተሻለ ይሠራል። ማስመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጋጥማል፣ ንገሪው፣ መጠኑን ወደ 1.25 ሚሊግራም አውርዶ ቀስ እያለ ሊጨምርላት ይችላል። ፊቷን እስኪቆስል ከቧጠጠች፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይ ድዷ ቢጫ ካለ ግን የሚቀጥለውን ሳትሰጪ ደውይለት።

ሌላው ሰው የሚረሳው ኩላሊት ነው። ታይሮይድ ሲያሻቅብ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚበዛ የደከመ ኩላሊት እንኳን ደህና መስሎ ይታያል፣ ሆርሞኑ ሲወርድ ነው ጉዱ የሚወጣው። በ2 ወይ 3 ሳምንት ውስጥ ደሟ ሲታይ ታይሮይዱ ብቻ ሳይሆን ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ሲቢሲም (የደም ሴል ቆጠራ) ይሠራላት፣ ደም ግፊቷም ቢለካ ጥሩ ነው፣ በግፊት ዓይኗ ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

አዳሜ ከአዳማ
የኔም አሮጌ ወንድ ድመት ይሄው በሽታ አለበት። ዓሳውን አንድ ብቻ አርገሽ አትስጫት፣ መጀመሪያ ባዶ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ክኒን ያለበት፣ ሦስተኛውን ባዶውን አፍንጫዋ ሥር ያዢላት፣ እሱን ለመቅደም ስትል ሳታኝክ ትውጠዋለች። አፏን ከፍተሽ ደረቁን ከጣልሽው ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቀር ትንሽ ውሃ በሲሪንጅ አስከትይ። ክኒኑን ስትከፍዪ ጓንት አርጊ፣ ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ጭራሽ አትንካው፣ የአሸዋ ሳጥኗንም ሌላ ሰው ያጽዳ።

የሚጡ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። ፒቲዩን አልገዛም። የባሌ እህት አዲስ አበባ ስላለች ሜቲማዞሉን እዛ ትፈልግልኛለች። እስኪደርስ ጥቂት ቀን ቢቋረጥባትስ?

የከብት ሐኪሙ
መድኃኒቱ ዕጢውን አያጠፋውም፣ ማምረቱን ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ስታቆሚ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪው፣ በሱ በኩል ሊገኝም ይችላል። እስከዛ አፏን ከፍታ መተንፈስ ከጀመረች ወይ የኋላ እግሯ ከከዳት ክኒን ፍለጋውን ትተሽ ቀጥታ ይዘሻት ሂጂ።