ጥቆማ፦ በዲስክ የሚሸጥ ሊኑክስ ከየት ቢገዛ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት (ኮምፒውተርን የሚያስኬድ ነፃ ሶፍትዌር) ልንጭን አስበናል። የኢንተርኔት መስመራችን ደካማ ስለሆነ ፋይሉን ራሳችን ማውረድ አልቻልንም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲስኩን በጥራት የሚያዘጋጅ የምታውቁ ብትጠቁሙን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ምላሽ፦ መምህር፣ እኔ እስካሁን ዲስክ የገዛሁት ከሁለት ዓይነት ቦታ ነው፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው።

የመጀመሪያው መርካቶ ውስጥ ፊልምና ሶፍትዌር ደርድሮ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ ሽፋኑም በቀለም የታተመና የሚያምር ነው። ቤት ወስጄ መጫን ስጀምር ግን ፋይሎቹ በመገልበጥ ላይ ሳሉ ቆመ፤ ማጫወቻው እየተንሿሿ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ይሰማኝ ነበር። መልሼ ስወስደው ሻጩ ዲስኩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ገጽ አሳየኝና «ይኸው ይሠራል እኮ!» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም፤ ነገር ግን ያ ገጽ እንዲታይ የሚነበበው ወደ 4 ጊጋባይት ከሚጠጋው የዲቪዲ ይዘት እጅግ ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ መነሣቱ ስለ ቀሪው ክፍል ምንም አይመሰክርም። ጥፋቱ የሚመጣው ርካሽ ባዶ ዲስክ ላይ በከፍተኛው ፍጥነት ጽፎ፣ የተጻፈውን መልሶ ሳያነቡ ከመሸጥ ነው።

ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ኡቡንቱ የሚባለውን የራሱን የሊኑክስ ዓይነት በነፃ በፖስታ ይልክ በነበረበት ጊዜ ይህ ችግር ብዙም አይነሣም ነበር፤ እነዚያ ሲዲዎች በፋብሪካ የታተሙ ነበሩና። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ግን በጨረር ቀለም ላይ የሚጻፍ ዲስክ ስለሆነ ጥራቱ ሙሉ በሙሉ በጻፈው ሰው ጥንቃቄ ይወሰናል።

የምጠቁምዎ ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉትን፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት አብረው የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች። እኔ የምሄድበት ቤት ያለው ልጅ ዲቪዲውን በዝቅተኛ ፍጥነት ይጽፋል፤ ከጻፈም በኋላ ፕሮግራሙ ዲስኩን ከፋይሉ ጋር አስተያይቶ እስኪጨርስ ድረስ አይሰጥዎትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ መቀመጥ ይኖርብዎታል፣ ዋጋውም ከመርካቶው ይበልጣል። የቅጂውን ቁጥርና የተጻፈበትን ቀን መሃል ላይ፣ መረጃ በማይጻፍበት ቀለበት ዙሪያ፣ በማርከር ይጽፍልዎታል። ለእኔ ከሚያምረው ሽፋን ይልቅ ይህች ጽሑፍ ዋጋ አላት።

ሆኖም አንድ ነገር ለይተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ዲስኩ አልተበላሸም ማለት ይዘቱ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ዴቢያን ዲስክ ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ የሚለወጥ ቁጥር) ተዘርዝሮ የሚገኝ ቢሆንም፣ ይዘቱን የለወጠ ሰው ዝርዝሩንም አብሮ ሊለውጥ ስለሚችል የሚጠቅመው ጭረትንና የአጻጻፍ ስህተትን ለመያዝ ብቻ ነው። ስጋቱ ባዶ አይደለም፦ በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ የሊኑክስ ሚንት፣ ድረ ገጽ በሰርጎ ገቦች ተሰብሮ፣ የ17.3 ሲናመን እትም ማውረጃ ስውር መግቢያ (ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ቀዳዳ) ወደተከተተበት ቅጂ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። የፕሮጀክቱ ራሱ ገጽ እንዲህ ከሆነ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የማይታወቅ ዲስክ ሳይፈተሽ ሊታመን አይገባም።

ደግነቱ ትልቁን ፋይል ማውረድ ባይችሉም የማረጋገጫ ቁጥሩን ማግኘት አይከብድም። ዴቢያን ለእያንዳንዱ እትም የሚያወጣው፣ ኤስኤችኤ256 በተባለው ስሌት የሚገኘው የማረጋገጫ ቁጥር 64 ሆሄያትና አኃዞች ብቻ ስለሆነ በስልክዎ ከዴቢያን ገጽ ላይ ያነቡታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ያሰላውን ቁጥር ከዚህ ጋር ያስተያዩ፤ አንድ ሆሄ ብትለይ ዲስኩን አይቀበሉ። ሙሉ ዲስኩን ሲያነቡ መጨረሻው ላይ ባዶ ሙሌት ተጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ግን፣ ንባቡ በዋናው ፋይል መጠን ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ይህን ባለማወቄ አንድ ጊዜ ደህና ዲስክ መልሼ ነበር፤ ልጁ በትዕግሥት አስረድቶኛል።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ሻጩ «እዚህ መፈተሽ አይቻልም» ቢለኝስ? ደግሞ 13ኛው እትም ወጥቷል ብለውኛል፤ እሱን ልግዛ?

ምላሽ፦ መፈተሽ ከከለከለ ሌላ ቤት ይሂዱ። ነፃ ሶፍትዌርን ገልብጦ መሸጥ ፈቃዱ የሚፈቅደው ሥራ ነው፤ እርስዎ የሚከፍሉት ለዲስኩና ለድካሙ ስለሆነ ድካሙን ማየት መብትዎ ነው። እትሙን በተመለከተ በቅድሚያ ኮምፒውተሮቹን ይመልከቱ፦ ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር (የቆየው ዓይነት ዋና ማስሊያ) ያላቸው ካሉ ዴቢያን 13 መጫኛ ስለማያቀርብላቸው ለእነሱ 12ኛውን ይጠይቁ። 64 ቢት ለሆኑት 13ኛው ይሻላል። የመጫኛውን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ ስለሚቻል ተማሪዎቹም አብረው ቢጭኑ ደስ ይላቸዋል። ከእያንዳንዱ እትም ሁለት ሁለት ቅጂ ያስጽፉ፤ አንዱን ሳይነኩ በመሳቢያ ያስቀምጡት፣ አሥራ ሁለት ማሽን ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ዲስክ መቧጨሩ አይቀርምና።