ባለ ሁለት በር አኮርድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያገለገለ የ2017 ሆንዳ አኮርድ ኩፕ አግኝቻለሁ። ባለ ሁለት በር ነው፣ ሞተሩ ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር)። በጣም ወድጄዋለሁ። ዘመዶቼ ግን «ፋብሪካው ራሱ የተወው መኪና ነው፣ ነገ ስትሸጠው ማን ይገዛዋል?» ይሉኛል። እውነት ነው? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ቅዳሜና እሁድ ኡበር ለመሥራትም አስቤአለሁ።

ሹፌሩ፦
ወንድሜ፣ ኡበር ካሰብክ ተወው። ኡበርም፣ እንደ እሱ ያለው ሊፍት (Lyft) ኩባንያም አራት በር ይጠይቃሉ። መኪናው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይመዘግቡልህም።

ጋራዥ፦
ዘመዶችህ ያሉት ውሸት አይደለም። አኮርድ ኩፕ በ2017 ነው የቀረው፤ ያንተ የመጨረሻው ዓመት ምርት ነው። ሲቪክ ኩፕም ከ2020 በኋላ የለም። ዶጅ ቻሌንጀር በ2023 መጨረሻ ተቋረጠ፤ ሼቭሮሌት ካማሮም ቀርቷል። ሰው ወደ ኤስዩቪ ዞሯል። ፋብሪካው ደግሞ ለሁለት በር ብሎ ሌላ በር፣ ሌላ ላሜራ፣ ሌላ መስታወት ማምረት አለበት። ገዢ ሲያንስ ወጪውን አይመልስለትም።

መለዋወጫ ግን ብዙ አያስጨንቅህ፤ ሞተሩ የባለ አራት በሩ ቪ6 ነው። ቢጋጭ አስቸጋሪው በሩና የጎን ላሜራው ነው። ስታየው በሩን ግማሽ ከፍተህ ከጫፉ ወደ ላይ አንሳው። ከተወዛወዘ ማጠፊያው ተበልቷል። የኩፕ በር ረጅምና ከባድ ስለሆነ ማጠፊያውን ቶሎ ይጎዳል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ልጄን ያሳደግኩት በባለ ሁለት በር ነው። የሕፃን ወንበር ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚታሰረው። የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ ጎንህ ሌላ መኪና ይቆማል። ያ ረጅም በር በግማሽ እንኳ አይከፈትም። የፊቱን ወንበር ታጥፋለህ፣ ጎንበስ ብለህ ልጁን በጠባቧ ቀዳዳ ታሾልካለህ፣ ከዚያ በአንድ እጅህ ቀበቶውን ትፈልጋለህ። በክረምት፣ በወፍራም ካፖርት አስበው! አራስ ሚስትህን በዚህ ወገቧን አታስቆርጣት።

ኩፕ ወዳጅ፦
እኔ አልስማማም። ስንቱ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በቮልስ ልጅ አሳድጓል፤ እሱም እኮ ሁለት በር ነው! ዘመኑ አለፈ የሚባለውም ተጋንኗል። ማስታንግ አለ፣ ቶዮታ ጂአር86 አለ፣ ኒሳን ዜድ አለ፤ ሆንዳም ፕሪሉድን በ2025 መልሶ አምጥቷል። ቪ6 አኮርድ ኩፕ ደግሞ በተለይ ማኑዋል ካምቢዮ ከሆነ ፈላጊ አያጣም። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካላችሁ ዓይንህን ሳታሽ ግዛው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላ መኪና የለንም። እንግዲያው ባለ አራት በሩን አኮርድ፣ ያንኑ ዓመት ልፈልግ። ምን ላጣራ?

ጋራዥ፦
ቪ6 ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ። ወደ 100 ሺህ ማይል ከተጠጋ ከውሃ ፓምፑ ጋር የተቀየረበትን ደረሰኝ አሳየኝ በል። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረውና ከዋጋው አስቀንስ። ለኡበር ግን ባለ አራት ሲሊንደሩ ይሻልሃል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ታይሚንጉም በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ስለሆነ እንደ ቺንጋው በየጊዜው አይቀየርም።