አጎቴ ጠጥቶ ይነዳል፤ ልጠቁምበት ወይስ ልተወው?

ግራ የገባት (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከጅማ አጋሮ አባዱላ ይነዳል። መኪናው የሰው ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ጨብሲ ብሎ ይወጣል። ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ይገባና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተራ ይዞ ይገኛል። ስንናገረው "ተኝቼ ተነስቻለሁ፣ ቡናዬንም ጠጥቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?" ይላል። ሰሞኑን ጋሪ ሊገጭ ለትንሽ እንደተረፈ ረዳቱ በድብቅ ነገረኝ።

ጋሼ ያሳደገኝ ሰው ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ደብተሬን የሚገዛልኝ እሱ ነበር። አሁን ሦስት ልጆች አሉት። ትራፊክ ፖሊስ ጋ ብሄድ መንጃ ፈቃዱ ይታገድና ቤቱ ጦሙን ያድራል ብዬ ፈራሁ። እናቴም "የወንድሜን እንጀራ እንዳትነኪ" ብላኛለች። ደግሞ እያወቀ ዝም ያለ ሰው በሕግ ይጠየቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

የድሮ ሾፌር፦
ልጄ፣ በትራፊክ አትጀምሪ። መጀመሪያ የመኪናውን ባለቤት አግኚው። ለሾፌርሽ ባያዝን ለመኪናው ያዝናል። ብዙዎቹ የኢንሹራንስ ውሎች ሾፌሩ ጠጥቶ ሲነዳ ለደረሰ የመኪና ጉዳት አንከፍልም ይላሉ። "ውልህን አውጥተህ አንብብ" በይው፤ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አይወስደውም። ሾፌር ማስቀየር የሚችለው እሱ ነው፤ ፖሊስ ሳይገባበት ያልቃል።

የረዳቱን ነገር ግን እንዳታነሺ። ልጁ እንጀራውን ያጣል።

ሲስተር ነኝ፦
አጎትሽ "ተኝቻለሁ" የሚለው ላይ ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ። እንደ ሰውነቱ ይለያያል እንጂ አንድ ጠርሙስ ቢራ ከደም ለመውጣት በግምት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ስድስት ጠጥቶ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ካቆመ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገና ደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አረቄ ከጨመረበትማ አልነግርሽም። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው፤ እንቅልፍም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ጥሬ ሥጋም አያስቸኩለውም። ቡናም እንደዚያው። የቡና አገር ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ ደስ አይለኝም፣ ግን ቡና የሰከረን ሰው ያነቃዋል እንጂ ስካሩን አያወጣለትም።

ጫቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የጠጣው አይታወቀውም፣ ስለዚህ አብዝቶ ይጠጣል። ጠዋት ምርቃናው ጠፍቶ መጠጡና የእንቅልፍ እጦቱ ይቀራሉ። እንዲህ ሆኖ መሪ መያዝ ነው አደጋው።

የሕግ ሰው፦
ለጥያቄሽ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 የመጠቆም ግዴታ የሚጥለው በጥቅሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ጠጥቶ መንዳት እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዝም ብለሽ ብትገኚ በዚህ አትከሰሺም። መጠቆም ግን መብትሽ ነው፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ማንም ሰው፣ ድርጊቱን በዓይኑ ባያይም፣ ማመልከት ይችላል ይላል።

እናትሽ ማወቅ ያለባቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሾፌር በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ቅጣቱ አንድ ነገር ነው። ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ጠጥቶ ከገደለ ግን በአንቀጽ 543(3) ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። የመንጃ ፈቃድ መታገድ ከዚህ ጎን ሲታይ ቀላል ነው። ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው።

የአጋሮ ተሳፋሪ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ስለ አጎቷ እያወራችሁ ነው። እኔ በዚያ መስመር በሳምንት ስንቴ እመላለሳለሁ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም አለ፣ ፊት ለፊት ቡና የጫነ አይሱዙ ይመጣል። እናንተ ባለቤት እስክታስመክሩ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ልሂድ? የልጆቹ እንጀራ ያሳዝነኛል፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ከሸተተሽ ዛሬውኑ ለመናኸሪያው ስምሪት ወይም በር ላይ ላለው ትራፊክ ንገሪ። ታርጋውን፣ መስመሩንና የሚወጣበትን ሰዓት በይ፣ ስምሽን ተይው። የአንቺ ስም ለምን ያስፈልጋቸዋል? ዓይናቸው ራሱ ይበቃል።

የድሮ ሾፌር፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ባለቤቱ ጋ መሄዱ ዛሬ መሆን አለበት። ነገ ከነገ ወዲያ ከተባለ አንተ ያልከው ይቅደም።

ግራ የገባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የባለቤቱ ስልክ አለኝ፣ ዛሬ ማታ እደውላለሁ። እናቴም የሕጉን ስነግራት ዝም አለች፤ "እስቲ አብረን እንደውል" አለችኝ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሥራ ካቆመ ቤት ቁጭ ብሎ ይብስበታል። "ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አትቀምስም" ብለን ቁልፉን ብንቀማውስ?

ሲስተር ነኝ፦
ቁልፉን ቀሙት፣ መጠጡን ግን በአንድ ቀን አታስቁሙት። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ቅዠት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ የመሰለ ነገር ይመጣበታል። ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በመድኃኒትና በክትትል ነው የሚቆመው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዚያ ውሰዱት። "አበድኩ ወይ?" ብሎ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። "ለጉበትህ ምርመራ ነው" ብላችሁ አታታልሉት፣ ሲደርስ ይገለበጥባችኋል። ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ ራሱ አይቶታል፣ ከዚያ ጀምሩለት።

የቆጪ ልጅ፦
እኛ ቤት ተመሳሳይ ነገር ነበር። የሠራልን ሰውየው የሚያፍረውን ሰው መላካችን ነው። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ከጮኸበት እልህ ይይዘዋል። አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት፣ ሳይጠጣ በሚገኝበት ሰዓት ቢያናግረው ይሻላል። ሚስቱንም አትርሷት፤ ከሁላችንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፣ የሚጠይቃት ግን የለም። ባለቤቱ ደህና ሰው ከሆነ ደግሞ ለምኑት፤ እስኪታከም መሪ ሳይነካ ሒሳብ በመቀበልና መኪናውን ጋራዥ በማስጠገን ያሠራው።

ግራ የገባት፦
ባለቤቱ ራሱ የሚቅም ሰው ነው፣ "ቀላል ነው" ካለኝስ?

የአጋሮ ተሳፋሪ፦
ያኔ ነገ ከ12 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ሂጂ። ብቻሽን ከፈራሽ እናትሽን ይዘሽ።

የሕግ ሰው፦
ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ድረሺ። ሰው ፊት ቁልፍ አትንጠቂው፣ ጠብ ይሆናል። ስምሪቱን ወደ ጎን ጠርተሽ ንገሪ።